እጅዎን ይዘርጉ

አራት ፎቅ ወረድኩኝ፣ ጉልበቴን እያባበልኩ፤
ካርዴን እንዳይርስብኝ በፌስታል ጠቀለልኩ።
ሁለት ቀን ተጽፏል፣ ሁለት ማኅተም አርፏል፤
ሦስተኛው መስመር ግን እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶውን ተርፏል።

ጎረቤቴ ደርቤ ደረጃው ላይ ቆሞ
"ሦስተኛ?" አለ ስቆ፣ "ምነው ጋሼ፣ ደግሞ?
በሽታው እንደሆን ከነስሙ ጠፍቷል፤
ማስኩም ሥራ ለውጦ ጫማ ጠራጊ ሆኗል።"
ምን ልበለው እኔ? የሒሳብ መምህር ነኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ያሳለኝ፤
ከልቤ ይልቅ ሳንባዬ ነው የሚያሳስበኝ።

የመጀመሪያውን ስወጋ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር፤
ያኔ ኦክስጅን እንደ ዘይት ወረፋ ይጠበቅለት ነበር።
የፊዚክሱ ግዛቸው፣ ተራ ሊይዝልኝ ቃል የገባው፣
ለራሱ ሳይደርስ ቀረ።
ጃንጥላው እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው።

የቱሉ ዲምቱን ጭቃ ተሻግሬ፣ ጤና ኬላ ያሉት ቤት
ቀድሞ ሥጋ ቤት ነበር፤
"የሰንጋ ብቻ" የሚል ጽሑፍ ዛሬም አልጠፋበት።
ወንበሩ አሥራ ሁለት፣ ወረፋው ግን ባዶ፤
እኔና አንዲት ነፍሰ ጡር፣
አንድ ዘብ ያንቀላፋ፣ ከበሩ ማዶ።

ነርሷ ከሰማያዊው ሣጥን፣ ከበረዶው መሃል፣
ብልቃጥ አወጣችና ቀና አለች፤ ዝም አለች።
"መምህር እሸቴ?"
ፊቷን ማስክ ወስዶታል፤ ዐይኗን አላወቅሁትም።
"ሲፈን ነኝ። ሲፈን ገመቹ። አምስተኛ ቢ።
መጨረሻ ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ አርፋጇ።"

አርፋጇ።
ትዝ አለኝ፤ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣
እግሯ ጤዛ፣ ደብተሯ ከብብቷ።
"የት ነበርሽ?" አልልም ነበር።
"እጅሽን ዘርጊ!" ነበር የእኔ ጥያቄ፤
እንደ ዘጠኝ ብዜት የማይዛነፍ፣ ጠዋት ጠዋት።
የወይራ አርጩሜ ነበረችኝ፤
ስምም አውጥቼላት፣ "አስታዋሽ" ነበር የምላት።

አሁን እሷ ጥጡን በአልኮል አራሰች፤
እጅጌዬን ጠቅልላ "እጅዎን ይዘርጉ፣ መምህር" አለች።
"ያላሉት። የሚያመው ጡንቻ ሲጠነክር ነው።"
ይህን ከእኔ አልተማረችውም።
ዐይኔን ጨፈንኩ፤ እሷም ትጨፍን ነበር፤
"አለቀ" ስትለኝ መጀመሩን እንኳ አላወቅሁም ነበር።

"አባትሽ ደኅና ናቸው?" አልኩ፣ ዝምታው ሲከብደኝ።
"ደኅና ነው። ጥበቃ ሆኗል፣ እዚሁ። እርስዎስ፣ የት ነዎት?"
"ብሎክ መቶ ሰባት።"
ስትስቅ ማስኳ ወደ ዐይኗ ከፍ አለ።
"የሽምብራ ማሳችን! ቧንቧው ካለበት እስከ እርስዎ ደረጃ።
መንገደኛ እሸቱን እንዳይጨርሰው ነበር ጠዋት የማረፍደው፤
'እሸት ስጠብቅ እሸቴ ገረፈኝ' ስለው
አባዬ ከት ብሎ ይስቅ ነበር።"
አብሬያት ሳቅሁ።
ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ እንደ ጠመኔ ብናኝ።

ካርዴን ሞላች፤ ሰኔ 7። ሰባቷን ጻፈችና
ወገቧን በአጭር መስመር አስታጠቀቻት።
በዚያ ትምህርት ቤት ሰባትን መቀነት የማስታጥቅ
እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሌሊት ብርዱ መጣ፣ ከብርዱ ትኩሳት፤
ግራ ክንዴ ድንጋይ፣ ትራሴ እሳት።
በዚያ ጎን መተኛት እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ
ቁልቁል አየሁ በመስኮት፣ መጋረጃውን ገልጬ፤
ቧንቧው ዘንድ የአንድ ዘብ ባትሪ በርቶ ይጠፋል።
ስንት ልጅ? በቀን ስንት መዳፍ?
በሠላሳ አንድ ዓመት ሲባዛስ?
የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ውጤቱ ጠፋኝ።

ጠዋት ደርቤ፣ ደረጃው ላይ፦
"እህ ጋሼ፣ አመመዎ?"
"ሲወጉኝማ አላመመኝም" አልኩት።
"ኋላ ነው።"